ወተቱን ሸጠን ለልጅ ሻይ?

የሱሉልታ ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት።

በየማለዳው ወተታችን በጀሪካን ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የባለላሟ ልጅ ቁርስ ግን ደረቅ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። አትሽጡ አላልኩም። የመኖ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ የቤቱ ወጪም ማለቂያ የለውም። ግን ዓመት ላለፈው ልጅ የሚፈላ አንድ ኩባያ እንኳ እንዴት አይቀርም? ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ በሽሮውና በጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል።

እንቁላሉም ያው ነው። ይሸጥና በብሩ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛል። «ሆድ በጎመን ቢደለል ጉልበት በዳገት ይለግማል» ይባል ነበር። ዛሬ ሆዱን የምንደልለው በችፕስ ነው፤ ጎመኑማ ከጓሮ ሳይቀነጠስ ያረጃል።

በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚያጥረው ቁመት ብቻ አይደለም፤ አእምሮም ይጎዳል። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ያመለጠውን ደግሞ በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው። በ2014 ዓ.ም. አገራችን የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። ዋናው ነገሩ ምግብን ማሰባጠር ነው፤ እህል ብቻውን አይበቃም።

እናቶች፣ ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ውሃ የሆነ አጥሚት ምን ያደርግለታል? ገንፎውን ወፈር አድርጉት። የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ቀላቅሉበት፣ የበሰለ ጎመን ወይም ካሮት ፈጭታችሁ ጨምሩበት፣ ሲገኝ እንቁላል። ጡቱም አይቋረጥ። በጾም ወቅት «ዕቃው ይነካካብኛል» እያላችሁ ሕፃኑን እንቁላልና ወተት የምታስቀሩበት ነገር ግን አይገባኝም። ጾሙ የእናንተ እንጂ የእሱ አይደለም። አንዲት ትንሽ ድስት ለእሱ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በቃ።

አባቶች፣ እናንተም አታመልጡም። ወጡ ሲወጣ እንቁላሉና ሥጋው ወደ እናንተ ይጎርፋል፣ ነፍሰ ጡሯ ሚስታችሁ በመጨረሻ የተረፈውን ትጠርጋለች። እሷ እኮ ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ መብላት አለባት፤ ስታጠባ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ቀድማ ትብላ።