የጤና ቡድናችን ታሪክ

በድሬዳዋ አርባ ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ ተማሪ ሳለ አጥቂ ነበር። ተከላካይ ነበርኩ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ በረኛማ ጭራሽ አልተወለደም። ይህ የታወቀው አብረን የተማርን ጓደኛሞች ያቋቋምነው የጤና ቡድን «ታሪካችን በመጽሔት ይውጣ» ብሎ ኮሚቴ ከሰየመ በኋላ ነው።

ኮሚቴው ታሪኩን ከሩቅ ጀመረ። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የድሬ ነውና እኛም የእሱ ዘር ነን ተባለ። ቀጥሎ የ1968 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1976) የአፍሪካ ዋንጫ መጣ። አንዱ ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ነው፤ ኋላ ዋንጫውን የበላችው ሞሮኮም እዚህ ነበረች። ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 ስትረታ ስታዲየም ያልነበረ አባል የለንም። ገንዘብ ያዣችን ሒሳብ አዋቂ ነውና አንዱን «አቦ፣ አንተ ያኔ መች ተወለድክና!» አለው።

«እናቴ ገብታለች፤ እኔም ሆዷ ውስጥ ነበርኩ።»

ቃለ ጉባኤው «በቦታው ነበር» ብሎ መዝግቦታል።

ቡድኑ ሲመሠረት እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ የድሬ ፀሐይ ሳትነቃ፣ ሙሉ 90 ደቂቃ እንጫወት ነበር። ከዚያ 60 ሆነ፣ ከዚያ 40። ዛሬ ዳኛው ፊሽካ የሚነፋው የአንዳችንን ፊት አይቶ ነው። ጨዋታው ባጠረ ቁጥር ግን ከጨዋታው በኋላ ያለው ረዘመ። ከሜዳ ወደ ፉል፣ ከፉል ወደ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ፣ ከጥላው ወደ በርጫ። ሃያ ደቂቃ የሮጥነውን ሩጫ እስከ ማታ እንተነትነዋለን። ምርቃናው ሲሞቅ አንድ ለባዶ የተሸነፍነው ጨዋታ ሦስት ለሁለት ማሸነፋችን ይታወሰናል።

ሐረር የሄድንበት ቀን ብቻውን ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ሐረሮች ወደ እኛ ሲወርዱ በሙቀቱ ያመካኛሉ፤ እኛ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ስንሄድ በከፍታው። ያን ቀን ግን የተሸነፍነው ሐረር ሳንደርስ ነው። ሚኒባሱ «ለአምስት ደቂቃ» ተብሎ አወዳይ ላይ ቆመ። ጫት በጅምላ በሚሸጥበት ከተማ የድሬን ልጅ ለአምስት ደቂቃ አውርዶ መልሶ የሰበሰበ ሹፌር ካለ ይሸለም። የእግር ኳስ ሕግ ከ7 ተጫዋች በታች ያለውን ቡድን አያጫውትም፤ እኛ ሐረር የገባነው 6 ሆነን ነው። ሐረሮች ደጎች ናቸውና አምስት ልጆች አበደሩን። ያገባናትን አንዲት ጎል ያስቆጠረውም ከተበደርናቸው አንዱ ነው። በመጽሔቱ ረቂቅ ላይ ግን ጎሏን ያገባው አወዳይ የቀረው ምክትል ሰብሳቢያችን ሆኖ ተጽፏል። አንድ ሰው ተቃወመ። ምክትል ሰብሳቢው «ጫቱን ማን አመጣላችሁና?» ሲል ተቃውሞው ቀረ።

ማሊያው የመጣው አሜሪካ ካለ ጓደኛችን ነው። ልጁ ድሬን የለቀቀው ገና ሁላችንም ክብሪት እንጨት ሳለን ስለነበር ልካችንን የመረጠው በትዝታው ነው። ማሊያውን ለብሰን የተነሳነው ፎቶ በመጽሔቱ እንዳይወጣ በአንድ ድምፅ ተወስኗል።

ኳስ መግዣ ብለን የጀመርነው መዋጮ ደግሞ ዕድር ሆኖ አረፈው። ለቅሶ መጣ፣ ሠርግ መጣ፣ ዛሬ ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን። ኳስ የለንም። ከሰፈር ልጆች እንዋሳለን። ድሬ ትልቅ ትንሽ ሳይል «አንተ» የሚባባል አገር ነው፤ እነዚያ ልጆች ግን «አባባ፣ ቶሎ መልሱልን» ይሉናል። ጉልበታችንን ካመመን ይልቅ ይቺ አመመችን።

መጽሔቱ እስካሁን ያልታተመው በበረኛው ምክንያት ነው። አሰላለፉ አጥቂ ብቻ ሆኖ ማተሚያ ቤት ቢገባ ሰው ይስቅብናል። በመጨረሻ ጅቡቲ የሚሠራ፣ ስብሰባ የማይመጣ አባል ተገኘ። ጸሐፊያችን ደወለለት።

«በረኛ ሆነህ እንድትመዘገብ ተወስኗል።»

«አቦ፣ እኔ እኮ አጥቂ ነበርኩ!»

«ሁላችንም ነበርን። ዝም ብለህ ተቀበል።»

ጅቡቲ ትንሽ አሰበች።

«እሺ። ግን ሪጎሬ ያዳንኩበት ይግባልኝ።»

«ስንት?»

«ሦስት። አንዷን በጭንቅላቴ።»

ጸሐፊው ሁለት አድርገን እንስማማ ብሎ እየተከራከረ ካርዱ አለቀ።