ኮብልስቶኑን የነቀለ መልሶ ያንጥፍ

በደብረ ብርሃን የመንደር ውስጥ መንገዶች ላይ የማየው ነገር ከትዕግሥቴ በላይ ሆኖብኝ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው። ከአስፓልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈር የዘለቀ ሰው ሁሉ እንደሚያየው፣ ለውኃ መስመር፣ ለስልክ ገመድ ወይም ለፍሳሽ መውረጃ ተብሎ የተነቀለ ኮብልስቶን ወደ ቦታው ሳይመለስ በየአጥሩ ሥር ተከምሮ ይከርማል። ቆፋሪው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ግን የሰፈሩ ሰው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

በቁፋሮው ላይ ቅሬታ የለኝም። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስትታወቅ ኖራ፣ በቅርብ ዓመታት የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክለውባታል፤ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችንም ተጠልለውባታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ውኃ ለማጠጣት ቱቦ መቀበር አለበት፤ ቱቦ ለመቅበር ደግሞ መሬት መቆፈሩ ግድ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ቱቦው ከተቀበረ በኋላ የሚሆነው ነው።

ኮብልስቶን የሚነጠፈው በተጠቀጠቀ ጠጠርና በአሸዋ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ ከተነቀለ አይሰበርም፤ ሥራው ሲያልቅም ያው ድንጋይ ተመልሶ ሊነጠፍ ይችላል። አስፓልት ቢሆን ይህ ዕድል አይኖረውም ነበር። እኛ ሰፈር የተደረገው ግን ሌላ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ዋልካ አፈር እንዳለ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ በየደረጃው ሊጠቀጠቅ ሲገባው ከላይ በአካፋ ጀርባ መታ መታ ተደርጎ ተተወ። ዋልካ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር መሆኑን ለሸዋ ገበሬ ማንም አይነግረውም። ዝናቡ ሲጀምር ሙሌቱ ሰመጠ፣ ቦዩም ጎርፍ መሄጃ ሆነ። ከሁሉ የከፋው፣ ዳሩ የተፈታ ኮብልስቶን ደጋፊ ስለማይኖረው በግራና በቀኝ በደህና የነበረውም ድንጋይ ረድፍ በረድፍ እየተንሸራተተ ወደ ቦዩ መግባቱ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ቁፋሮ መንገዱን በሙሉ የሚበላው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ መንገድ እኮ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሲነጠፍ የሰፈሩ ሰው አዋጥቷል፤ ጡረተኛው ሳይቀር ከጡረታው ቆንጥሮ ከፍሏል፤ ገንዘቡንም ቤት ለቤት እየዞረ የሰበሰበው እድሩ ነበር። ዛሬ ከክምሩ ላይ ድንጋይ እያነሣ የደጁን ጭቃ የሚደለድል ጎረቤት አለ፤ የራሱን ገንዘብ መልሶ እንደ መውሰድ ቢቆጥረው አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ክምሩ ባነሰ ቁጥር መንገዱ የመጠገኑ ተስፋም እያነሰ ይሄዳል።

ሐምሌ 7 የሥላሴ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ አንዲት አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በቦዩ ላይ በተጋደመች አንዲት ጣውላ ለመሻገር ሲሞክሩ አገኘኋቸው። ጣውላዋ በጭቃ ተለውሳ ታሟልጫለች። «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብላቸው፣ «ተወኝ ልጄ፣ ሁለታችንም እንወድቃለን» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተመላለሱ ሴት በደጃቸው መሻገሪያ ማጣታቸው እጅግ ያሳዝናል። ባጃጅ እንዳይጠሩ፣ ሾፌሩ አስፓልቱ ዳር ቆሞ «ከዚህ ወዲያ አልገባም፣ ይሰበርብኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው። የታመመ ሰው በሰው ትከሻ እስከ አስፓልቱ ይወጣል፤ ውኃ በጀሪካን የሚያመላልሱ ልጆችም በዚያው ጭቃ ይንሸራተታሉ።

አቤት ወደሚባልበት ሄደናል። አንደኛው ቢሮ «የቆፈረውን ጠይቁ» ይላል፤ የቆፈረው «ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጥተናል» ይላል፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ «ርክክብ ተፈጽሟል» ብሎ ይዘጋል። ታዲያ ያንን የሰመጠ ሙሌት ወርዶ ሳያይ የተረከበው ማን ነው? በምን ዓይኑስ ፈረመ?

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። መንገድ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚወስድ ሁሉ መልሶ ለማንጠፍ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ ያስይዝ፤ ካላነጠፈ በዚያው ገንዘብ ይነጠፍ። ርክክብ ሲደረግም የሰፈሩ ተወካይ በቦታው ተገኝቶ ይፈርም። ለእኛ መንገድ ደግሞ መስከረም ጠብቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ጠጠሩና አሸዋው ይቅረብልን፤ ድንጋዩ ተወስዶ ሳያልቅ እዚያው አለ፣ ማንጠፉን የሚያውቁ ልጆችም እዚሁ ሰፈር ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል።