ድንኩን ከዘንዶው ማን አጣላው?

በምናብ ዓለም ላይ በተሠሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ የድንኮችና የዘንዶዎች ነገር ብዙውን ጊዜ በዘረፋ ይጀምርና በዘረፋ ያልቃል። ድንኮቹ፣ ማለትም የተረቱ አጫጭር አንጥረኞች፣ ተራራ ሥር ወርቅ ያከማቻሉ፤ ዘንዶው መጥቶ ያባርራቸውና ወርቁ ላይ ይተኛል፤ ተጫዋቹ ሰይፉን ይዞ ይላካል። ታሪኩ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ሰልችቶኛል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ዋናውን ነገር፣ ማለትም ሁለቱም የምድር ልጆች መሆናቸውንም ይዘነጋል።

ዝምድናው አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጥንቱ የኖርስ (የስካንዲናቪያ) ትረካ ፋፍኒር ሲወለድ ዘንዶ አልነበረም። በወርቅ ሰበብ አባቱን ገደለ፣ ድንኩ አንድቫሪ የረገመውን ያን ወርቅ ብቻውን ታቅፎ ሲጠብቅ ኖረና ዘንዶ ሆነ። ወንድሙ ሬጂን ደግሞ ሰይፍ የሚሠራ አንጥረኛ ነው፤ ቁመቱም የድንክ እንደነበር ተተርኳል። አንደኛው ወንድም መዶሻ ያዘ፣ ሌላኛው ቅርፊት አበቀለ። የዛሬ ጨዋታ ጸሐፊዎች ከዚህ ሁሉ የወረሱት ወርቁን ብቻ ይመስላል።

እንደ እሳትና ብርድ ያሉት የተፈጥሮ ባሕርያት ለዘንዶ ሲከፋፈሉም የደረሰባቸው ይኸው ነው። በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ለቀዩ ዘንዶ እሳት፣ ለነጩ ብርድ፣ ለሰማያዊው መብረቅ፣ ለጥቁሩ አሲድ፣ ለአረንጓዴው መርዘኛ ጋዝ ሰጠ። ለጨዋታ ስሌት ይመቻል፤ ተጫዋቹ ቀለሙን አይቶ መከላከያውን ይመርጣል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ባሕርይን ከአፍ የሚወጣ የጦር መሣሪያ ብቻ አድርገው አስቀሩት። ድንኩም ከዚህ ድርሻ አላገኘም፤ ጢምና መጥረቢያ ተሰጥቶት ዳር ቆመ።

ከዚህ የተሻለ የሠራ ጨዋታ ጥቀስ ብባል ዋርክራፍትን እጠቅሳለሁ፣ ምንም እንኳ ታሪኩ በየጊዜው እየተከለሰ አንባቢን ቢያደክምም። በዚያ ዓለም ድንኮች የኤርዘን ዘር ናቸው፤ ኤርዘኖች ታይታን የሚባሉት ኃያላን ያስቀረጿቸው የድንጋይ ሰዎች ሲሆኑ፣ በእርግማን ድንጋያቸው ሥጋ ሆነ። ምድርን እንዲጠብቅ ሥልጣን የተሰጠው ጥቁሩ ዘንዶ ኔልታሪዮንም ኃይሉን ያገኘው ከእነዚሁ ታይታኖች ነው። አንዱ ከምድር ተቀረጸ፣ ሌላው ምድር በአደራ ተሰጠው፤ ኋላም አብዶ ዴዝዊንግ ተባለ።

በ2010 በወጣው ካታክሊዝም በተባለው የዋርክራፍት ተጨማሪ ክፍል የዚህ ዝምድና ክብደት ይታያል። ዴዝዊንግ ከዲፕሆልም፣ ከምድር ባሕርያት ግዛት፣ መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ሰውነቱ ከውስጥ በሚነደው እሳት እንዳይበታተን የብረት ሳህን ተመቶበታል፤ የምድር ጠባቂ በአንጥረኛ ሥራ ተጠግኖ የሚቆም ሆኗል። በዚያው ወቅት የድንኮቹ ንጉሥ ማግኒ ብሮንዝቢርድ ምድር ለምን እንደታመመች ሊጠይቃት ሥርዓት ይፈጽማል፤ በዙፋን ከተማው በአይረንፎርጅ ሥር ባለበት ቆሞ አልማዝ ይሆናል። ዘንዶው ከመሬት ሲወጣ ንጉሡ ወደ መሬት ተመለሰ። ስለ ወርቅ አንድም ቃል አልተነሣም።

ብላክሮክ ተራራም አለ፤ ጥልቁን ጥቁር ብረት የሚባሉት ድንኮችና የእሳት ጌታቸው ራግናሮስ፣ ላዩን የዴዝዊንግ ልጅ ኔፋሪያን ይዘውት ይዋጋሉ። የአንድ ተራራ ጎረቤቶች ጠብ እንጂ የሌባና የባለቤት ጠብ አይደለም።

ድራጎን ኤጅ የተባለው ሌላ የኮምፒውተር ጨዋታ ነገሩን በሌላ በኩል ይነካዋል። ጥንታውያኑ አማልክት፣ ማለትም ዘንዶዎቹ፣ ከመሬት በታች ተኝተዋል፤ ዳርክስፖን የተባሉት ጭራቆችም ሊያገኟቸው ይቆፍራሉ። አንዱ ዘንዶ ሲነቃ ጭራቆቹ ተከትለውት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ላይኛው ዓለም ሲነድ ከታች ያሉት ድንኮች እፎይ ይላሉ። ጨዋታው ይህን ጭካኔ የተሞላበት እፎይታ የዋና ታሪኩ እምብርት ቢያደርገው ኖሮ እላለሁ። በጨረፍታ አንሥቶት አለፈ።

ዝምድና ሲበዛ ጠላትነቱ ይላላል፣ ተጫዋቹም የሚመታው ያጣል የሚል ክርክር እሰማለሁ። አልቀበለውም። ሬጂን የወንድሙን ሞት የፈለገው ወንድሙ ስለሆነ ጭምር ነው፤ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ወርቁን ብቻ ይመኝ ነበር። ድንክ የሆነ ተጫዋች ዘንዶውን ከመግጠሙ በፊት የሚያውቀውን እቶን፣ የራሱን አያቶች ድንጋይ በዚያ ፍጡር ሆድ ውስጥ እንዲያይ የሚያደርግ ጸሐፊ ውጊያውን አያላላውም። ከሃያ ደቂቃ ውጊያ በኋላ መዝረፊያ ሣጥን ብቻ የሚከፍተው ዘንዶ ነው የላላው።