ጨለማው ከፊት ላይ ሳይሆን ከጀርባ ይሁን

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ወደ ፎቶ ቤት ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ ተሰቅለው የሚያያቸው የምርቃትና የሰርግ ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ከሰውየው ጀርባ ባዶ የቀረ ቦታ የለም። ወይ ጢስ ዓባይ እየወረደ ነው፣ ወይ አበባ ተነስንሷል፣ ወይ ማንም ኖሮበት የማያውቅ ባለ ደረጃ አዳራሽ ተስሏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ወደ ተቃራኒው አዘንብለው፣ ጀርባውን በሙሉ አጥቁረው ሰውየውን ብቻውን የሚያስቀሩበት አነሳስ እየተለመደ ነው። እኔ ይህን አነሳስ ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ጨለማው ከየት እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚያርፍ በቅጡ የታሰበበት አይመስለኝም።

ፎቶ አንሺዎች ኔጋቲቭ ስፔስ የሚሉት ይህ ባዶ ቦታ ሥራ ፈት ቦታ አይደለም። ተመልካቹ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር ሲያጣ ወደ ፊቱ ይመለሳል፣ ከፊቱም ወደ እጁ ይወርዳል። የባዶው ቦታ አቀማመጥም ትርጉም አለው፤ ሰውየው ወደ ግራ የሚመለከት ከሆነና በግራው በኩል ሰፊ ጨለማ ከተተወለት ሐሳቡ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል፤ ጨለማው ከማጅራቱ በኩል ሲበዛ ግን ከኋላው የሚከታተለው ነገር ያለ ይመስላል። ሁለቱም ሊፈለጉ ይችላሉ፤ የማይፈለገው ሳይታሰብበት መደረጉ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ የጎጃም ገጠር ቤት ከየትኛውም ስቱዲዮ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መስኮት የሌለው ወይም አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው፣ ብርሃኑን በሙሉ ከበሩ የሚያገኝ፣ የጭቃ ግድግዳው በዘመናት ጭስ የጠቆረ ቤት ለጥቁር ጨርቅ ወጪ አያስወጣም። አንዲት እናት ከደጃፉ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጁ መልሰው ዱካ ላይ ቢቀመጡ፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳይገባ ከግቢው የሚንጸባረቀው ብርሃን ለስለስ ብሎ ያርፍባቸዋል። የአንገታቸው ንቅሳት መስመር በመስመር ይለያል፤ ማተባቸው ከነጠላው ጥለት ሥር ብቅ ይላል፤ ከትከሻቸው ኋላ ያለው ጎታና ምሰሶ ግን ወደ ጨለማው ይገባል። እዚህ ላይ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ከተተወ ሥራውን ያበላሻል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሠራ፣ አብዛኛው ፍሬም ጨለማ ሲሆንበት ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ ውጤቱም ግድግዳው ገርጥቶ፣ ነጠላው ነጭ ወረቀት መስሎ፣ ፊቱም ለዛውን አጥቶ መውጣት ነው። ስለዚህ መለኪያውን ፊቱ ላይ ብቻ ማሳረፍ ወይም ብርሃኑን አንድ ደረጃ (ማለትም በግማሽ) ወይም ከዚያም በላይ መቀነስ ያስፈልጋል። በስልክ የሚያነሳም ቢሆን ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክቶ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ታች ቢስበው ልዩነቱን ያየዋል።

በከተማ ስቱዲዮ ያለው ችግር የጥቁር ጨርቅ እጥረት ሳይሆን የቦታ ጥበት ነው። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ፍላሹ ከሰውየው 1 ሜትር፣ ጨርቁ ደግሞ ከፍላሹ 4 ሜትር ቢርቅ ጨርቁ የሚደርሰው ብርሃን ሰውየው ካገኘው 16ኛው እጅ ብቻ ይሆናል፤ ግራጫ ግድግዳም ቢሆን ያን ጊዜ ጥቁር መስሎ ይወጣል። ደንበኛውን ከጨርቁ ጋር አጣብቆ የሚያነሳ ሰው ግን ጨርቁ ጥቁር ቢሆን እንኳ እጥፋቱንና አቧራውን ሁሉ ያሳያል።

በአፕሊኬሽን ጀርባውን ቆርጦ ማጥቆሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2017 አይፎን ይህን የሚያደርግ ዘዴ ካመጣ ወዲህ በየስልኩ ተዳርሷል፤ ሹሩባ ከግንባር የሚነሳበትን ቦታና የነጠላን ዘርፍ እየገመጠ የሚያስቀር ስለሆነ ለእኛ አገር ሰው በተለይ አይስማማም።

ይበልጥ የሚያከራክረው ግማሽ ፊትን ማጨለም ነው። ብርሃኑን ከአንድ ጎን ብቻ አምጥቶ ሌላውን ጉንጭና ዓይን ጭልጥ ባለ ጥላ ውስጥ መክተት ለወጣቶቹ የጥበብ ምልክት ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ፎቶውን ተቀብለው ሲያገላብጡ «ልጄ፣ ግማሽ ፊቴን የት ጣልኸው?» ይላሉ፤ ይህን ጥያቄ ካለማወቅ የመጣ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ያየ ሰው ባዶ ቦታ በሥዕል መሞላቱን ብቻ ሳይሆን ፊቶቹ እንዴት እንደተሣሉ ያስተውላል። በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ፤ አጋንንትና ከሓድያን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። በዚህ ሥዕል ፊት ሲሳለም ያደገ ሰው አንድ ዓይኑ የጠፋበትን ፎቶ በደስታ ባይቀበል አይገርምም። እንግዲህ ፎቶ አንሺው ብርሃኑን ትንሽ ወደ ፊት አዙሮ በጥላው በኩል ያለው ዓይን ነጥብ ታህል ብርሃን እንዲያገኝ፣ ጉንጩም ላይ ትንሽ እንዲያርፍ ቢያደርግ ምንም አይጎድልበትም። ጀርባው የፈለገውን ያህል ይጨልም፤ ዓይን ግን ሁለቱም ይታይ።

የቆዳችንም ጉዳይ አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያሠራጨው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ስለነበረበት፣ የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት በፎቶ ላይ ዝርዝሩን እያጣ ይወጣ ነበር። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል፤ ጥቁር ሰውን ከጥቁር ጀርባ ፊት አስቀምጦ ፀጉሩን ከጨለማው ጋር ያዋሃደ ፎቶ አንሺ ግን ያንኑ በደል በእጁ ይደግመዋል። በኒው ዮርክ ሃርለም የኖረው ሮይ ዴካራቫ (እ.ኤ.አ. 1919–2009) ጥቁር አሜሪካውያንን ያነሳባቸው ፎቶዎች እጅግ የጨለሙ ናቸው፤ ሆኖም ጨለማው አንድ ወጥ ጥቀርሻ ሳይሆን ግራጫ በግራጫ ላይ የተደራረበበት ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ውስጡ ብዙ ያገኛል። በእኛ ቤት ይህን ለማድረግ ውድ መብራት አያስፈልግም፤ ነጭ ጋቢ ከፍሬሙ ውጭ ከጎን ቢዘረጋ የሚመልሰው ብርሃን የፀጉሩንና የትከሻውን ጠርዝ ለመለየት ይበቃል።

ጥቁር ጀርባ ሐዘን ያስታውሳል የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ እውነትም በጎጃም ጥቁር የሚለበሰው ለሐዘን ነው። ለሙሽሮችና ለሕፃናት እኔም አልመርጠውም። ለሌላው ግን ጀርባው ድፍን ጥቁር መሆን የለበትም፤ የጭስ ቡኒ ወይም ጥልቅ አረንጓዴ ያው ሥራ ይሠራል፣ ሐዘንም አይመስልም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፎቶው ማተሚያው ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ የማተሚያ መሣሪያው ብርሃንን በራሱ የሚያስተካክልበት መንገድ ካልተዘጋ ጨለማውን አንሥቶ ግራጫ ያደርገዋል። ፋይሉን ሲያስረክቡ ማስተካከያው እንዲዘጋ መንገርና ትልቁ ከመታተሙ በፊት አንድ ትንሽ ወረቀት አሳትሞ በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ በስልክ መስታወት ላይ ደምቆ የሚታይ ጥላ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይበልጥ ይጠቁራልና።