አማርኛውንም እንደዛው አድርጊልኝ

ዲዛይን የምሰራላችሁ ደንበኞቼ፣ ኩፐር ብላክ የሚባለውን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ወዳችሁታል፣ እሺ፣ እኔም እወደዋለሁ። ወፍራም፣ ድብልብል፣ ጫፉ ሁሉ የለሰለሰ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ኦዝዋልድ ኩፐር የሚባል የቺካጎ ሰው ነው የሰራው፣ በፈረንጆቹ 1922 ነው የወጣው፣ ይኸው መቶ ዓመት አልፎትም ኢዚጄት የሚባለው አየር መንገድ አውሮፕላኑ ላይ በትልቁ ለጥፎታል። ግን ላቲን ነው እኮ!! "አማርኛውንም እንደዛው አድርጊልኝ" ስትሉኝ ከየት ላምጣው?

ደግሞ መፍትሄም ይሰጡኛል፣ ያለውን ፊደል ወስደሽ ዙሪያውን ስትሮክ (መስመር) ጨምሪበት በቃ ይወፍራል ይላሉ። ይወፍራላ! አንዱ ኬክ ቤት ሙጭጭ ብሎብኝ ጨመርኩለት፣ የ"ኬ" ቀለበት ድፍን አለና "የልደት ኪክ" ሆኖ ቁጭ አለ፣ የ"ጨ" እግሮችማ ተጣብቀው ምን እንደሆኑም አይለዩም። ፊደል ሲወፍር ውስጡ ያለው ክፍተት አብሮ እንደ አዲስ መሳል አለበት፣ ዝም ብሎ እንደ ሊጥ አይነፋም።

የላቲኑ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው፣ የኛ 33 በ7 ብቻ 231፣ እነ ቋ እና ሟ ሳይቆጠሩ። ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው ደግሞ ፎንቱ በወጣ ማግስት ቴሌግራም ላይ በነፃ ይበተንበታል፣ ከዛ "ለምን ቆንጆ የአማርኛ ፎንት የለም" ትላላችሁ 😤

የሱቃችሁን ስም ብቻ ከሆነ በእጄ እስልላችኋለሁ፣ ያምራልም። ግን ለነገ ጠዋት አትበሉኝ፣ በፎንት መቀየሪያ ዋጋም አትከራከሩኝ።