ጄ ዲላ ምቱን የሚያዛባው አውቆ ነው

ወንድሜ፣ «ጄ ዲላ ምት መጠበቅ አይችልም ነበር፣ ከበሮው የሚንገዳገደው ለዚህ ነው» ብለህ ጽፈሃል። ባሕር ዳር ቢት የሚሠሩ ልጆችም ይህን ሲደጋግሙት እሰማለሁ። ስህተት ነው።

ዲላ (የዲትሮይቱን ራፐርና ፕሮዲውሰር ማለቴ ነው፣ ከተማዋን አይደለም) አውቆ ነው ያደረገው። ኤምፒሲ 3000 በሚባለው ቢት መሥሪያ መሣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ስኔሩን (ጠጠር ያለ ድምፅ ያለውን ከበሮ) በጣም ጥቂት ቀደም ያደርገዋል። ከሌላው ምት ጋር እኩል አይወድቅም። ያቺ መሳሳብ ናት አንገት የምታስነቀንቀው። መሣሪያው ዛሬ ዋሽንግተን፣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

ባለፈው እሁድ ጣና ዳር ሰርግ ነበረን። ከበሮ የምትመታውን እናት እጅ ልብ ብዬ አየሁ። ጭብጨባው ከበሮውን ለጥቂት ይቀድመዋል። ማንም «ተሳሳቱ» አላለም፣ ትከሻው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዲላ «ዶናትስ» የተባለውን አልበሙን ታሞ ሳለ ሙሉ በሙሉ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሠራው የሚባለውም ልክ አይደለም። አብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በ32ኛ ልደቱ ቀን ወጣ፣ በ3ኛው ቀን አረፈ።

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ቢት ክፈትና ስኔሩን በእጅህ ትንሽ ቀደም አድርገው። ከዚያ አዳምጠው።