ተጠገነ ማለት ክትትል ቀረ ማለት አይደለም
ከልደት ጀምሮ ስላለ የልብ ችግር የወጣው ጽሑፍ «በልጅነቱ ልቡ የተጠገነ ሰው ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ጤነኛ ነው» ያለው ላይ አልስማማም። በልብ ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ በጊዜ ተዘግቶ የሳንባ ግፊቱም ደህና ከሆነ፣ እሺ፣ ያስኬዳል። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት (አራት ጉድለቶች አንድ ላይ ያሉበት፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር) ግን ሌላ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ ከጥገናው በኋላ ብዙ ጊዜ ደም ወደኋላ ይመልሳል፣ የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍልም ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ሰውየው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ለዚህ ነው ደህና ነኝ ቢልም በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የሚያስፈልገው። ክትትሉ የሚቋረጠው ደግሞ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ሲዛወር ነው፦ ካርድ ይቀየራል፣ የድሮው ፋይል እዚያው ይቀራል፣ ጎንደር ላይ የሚያየው ሐኪም አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ምን እንደተሠራለት በግምት ይሠራል። የኦፕሬሽን ሪፖርቱንና የመጨረሻውን የኢኮ ውጤት ታካሚው ራሱ ይያዝ፤ ወረቀት ይጠፋልና በስልክም ፎቶ ያንሳው። እዚያው ጽሑፍ ሥር «የልብ ታማሚ ሁሉ ጥርስ ሲያስነቅል አንቲባዮቲክ ይውሰድ» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ለሁሉም አይደለም። በዋናነት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ የልብ ኢንፌክሽን ከዚህ በፊት ለያዘው፣ አብሮት የተወለደው የልብ ችግር ሳይጠገን ቀርቶ በኦክስጅን እጥረት ከንፈሩ ለሚጠቁር ነው፤ ለአዋቂ አሞክሲሲሊን 2 ግራም፣ አንዴ ብቻ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ግን ቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፣ ሌላ መድኃኒት አለ።